እንባዬ ያጠበው ጠብታ

ዓይን ሲጠፋ ያማል ብላችሁ የምትጠብቁ ሰዎች፣ እባካችሁ አትጠብቁ። የእኔ ግራ ዓይን የጠፋው ገበያ ወጥቼ ዋጋ ስከራከር፣ ከጎረቤት ጋር ስስቅ፣ ቆጮዬን በጎመን ስበላ ነው። አንድ ቀን እንኳ "አመመኝ" አላለኝም፤ ደህና ሁኚ ሳይለኝ ሄደ። ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ ወይም ሰው የሚያነብላችሁ፣ አሁኑኑ አንድ ዓይናችሁን በመዳፋችሁ ሸፍኑና በሌላው ፊት ለፊታችሁን፣ ግራ ቀኛችሁንም እዩ። ከዚያ አገላብጡት። "ይቺ ደግሞ ምን ትላለች?" የሚለኝ ካለ አልቀየመውም፤ ያኔ ሰው ቢነግረኝ እኔም እንዲሁ እል ነበር።

ሐና እባላለሁ። የምኖረው ሶዶ ነው፤ የተወለድኩት ግን ቆላ፣ ሁምቦ ነው። ነገሩ የደረሰብኝ በጃንሆይ ዘመን፣ በሃምሳዎቹ ዓመታት ነው። በዚያን ጊዜ ከሴቶች መሐል ፊደል የቆጠረ ጥቂት ነበር። እኔ የተማርኩት ካገባሁ በኋላ፣ ልጅ አዝዬ፣ በጸሎት ቤታችን የንባብ ትምህርት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ማን ይቻለኝ! በጸሎት ቤት ለሴቶች የማነበው እኔ ሆንኩ። መጽሐፉ በአማርኛ ነው፤ እኔ ቃሉን አንድ በአንድ እያነበብኩ ወደ ወላይትኛ እመልስላቸዋለሁ። ሁምቦ ድረስ በእግሬ ወርጄ፣ ተበላ ገበያ ለሚውሉ ሴቶችም ጥላ ሥር አነብላቸው ነበር። ሌላ ሙያ የለኝም። ወጤ እንኳ አይጥምም፤ ባለቤቴ ሞሊሶ ይመስክር። ንባቤ ግን ይጥማል፤ ይህን ማንም ይመሰክራል። እንግዲህ ዓይኔ ታመመ ስላችሁ ምኔ እንደታመመ ከዚህ እወቁልኝ።

መጀመሪያ ያየሁት ነገር ቀለም ነበር። ማታ ፋኖሱ ሲበራ ዙሪያውን እንደ ቀስተ ደመና ያለ ክብ ከበበው። ቀዩም አረንጓዴውም ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። የሞሊሶ ታላቅ እኅት እትዬ ማርታ እኛው ጊቢ ነው የምትኖረው፤ የቤታችን የጸሎት መሪም እሷ ነች። ስነግራት እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ፣

"ጦሳ ይመስገን! ራእይ ነው ሐና፤ ብርሃኑን ከፈተልሽ" አለችኝ። ጦሳ በእኛ ቋንቋ እግዚአብሔር ማለት ነው።

እኔም አመንኩ፤ ለምን እዋሻለሁ? ደስም አለኝ። ራእዩ ግን ራስ ምታት ይዞ ይመጣ ጀመር፤ ዓይኔን ሳይሆን ከቅንድቤ በላይ ጭምድድ አድርጎ ይይዘኛል። በር ስገባ የግራ ትከሻዬ መቃኑን ይመታል። ውሃ ስቀዳ ከኩባያው ውጭ አፈሳለሁ። ሞሊሶ "አንቺ ሴትዮ፣ ቤቱን ልታፈርሺው ነው?" እያለ ይስቅብኛል፤ እኔም አብሬው እስቃለሁ።

ከዚያ ወደ ጤና ቤቶች መዞር መጣ። አንዱ ጋ ስሄድ አካሚው የዓይኔን ቆብ ገለበጠና "ማዝ ነው" አለኝ፤ ቢጫ ቅባት ሰጠኝ። ማዝ የሚሉት የዓይን ቆብ በሽታ በአገራችን የማይዘው የለም፤ አልተገረምኩም፤ ቅባቱን ጨረስኩ። ምንም። ቀጥሎ ገበያ ላይ መነጽር በሣጥን ይዞ የሚዞር ነጋዴ ጋ ሄጄ አንዱን እያነሣሁ አንዱን እየጣልኩ ለካሁ። አንዱ ፊደሉን ትንሽ አጎላልኝ መሰለኝና ገዛሁት። መነጽር አድርጌ ጸሎት ቤት ስገባ ሴቶቹ "አስተማሪ ሆነች!" አሉኝ። እኔም ተኮፈስኩ። ዓይኔ ግን ያው ነው።

ሦስተኛው የባሰው ነበር። የት እንደሆነ አልናገርም፤ ሰውዬው ክፉ ሰው አልነበረም። ባትሪ አብርቶ አየኝና፣

"ሞራ ነው። ግን ገና አልበሰለም። ሲበስል ነይ፤ ይገፈፋል" አለኝ።

ሞራ የሚሉት በዓይን ብሌን ላይ እንደ ጉም የሚጋርደው ነው፤ እሱስ እውነትም በቀዶ ጥገና ይወጣል፤ ብዙ ሰው ድኖበታል። የእኔ ግን ሞራ አልነበረም። እኔ ምን አውቄ? ቤቴ ቁጭ ብዬ ጓሮ እንዳለ ሙዝ ዓይኔ እስኪበስል ጠበቅሁ። "ሐና፣ በሰለ?" ይሉኛል ጎረቤቶቼ። "ገና ነው" እላለሁ። ዓይኔን ያጠፋው ያ መጠበቅ ነው። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ያወቅሁት በንባብ ላይ ነው። ጸሎት ቤት ቆሜ ሳነብ ላብ ቀኝ ዓይኔ ውስጥ ገባና በነጠላዬ ጫፍ ሸፍኜ ጠረግሁት። በዚያች ቅጽበት ሴቶቹ በሙሉ ጠፉ። መጽሐፉም ጠፋ። ቀኜን ስገልጥ ሁሉም እቦታው አለ። ደግሜ ሸፈንኩት፤ ደግመው ጠፉ። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ የማነበው በአንድ ዓይኔ ብቻ ነው! ቤት ስገባ ለሞሊሶ "ግራ ዓይኔ የለም" አልኩት። አልሳቀም። "አዲስ አበባ እንሄዳለን" አለ። በሬያችን ተሸጠ። ስለ ወጪው ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ድሃ ሰው ሲታመም እንዴት እንደሚሆን የማያውቅ የለም።

አውቶቡሱ ሶዶን የለቀቀው ሳይነጋ ነው። ቦዲቲ ስንደርስ ጎሕ ቀደደ፤ ሞሊሶ የተቀቀለ ቦዬ፣ እንደ ድንች ያለ የአገራችንን ሥራ ሥር፣ ገዝቶ በቅጠል አመጣልኝ፤ እየበላሁ ቀኝ ዓይኔን እየከደንኩ እየገለጥኩ ደጁን አያለሁ። አባይ ዓይን! በግራዬ የፀሐይዋን ብርሃን እንደ ጭስ ብቻ ነው የማየው።

አዲስ አበባ የዓይን ሐኪም ቤቱ ደጅ ላይ ረጅም አግዳሚ ወንበር ነበር። ከየአገሩ የመጣ ሰው ተደርድሯል፤ አንዱ በልጁ ትከሻ ላይ እጁን ጭኖ፣ አንዱ በከዘራ እየዳበሰ። እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ ያስፈራል፤ ከጎናችሁ ያለው ሰው ነገ የምትሆኑትን ይመስላችኋል። አንዲት ከጉራጌ አገር የመጡ እናት ሁለት ዓይናቸውም አያይም፣ ሲስቁ ግን ወንበሩን ያንቀጠቅጡታል። መፍራቴን በትከሻዬ አውቀው ክንዴን ያዙኝና "አይዞሽ ልጄ፣ እዚህ ድረስ የመጣ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል" አሉኝ። ከኮሮጇቸው ቆሎ ዘግነው አቃመሱኝ። ስማቸውን ሳልጠይቅ ተለያየን፤ ይቆጨኛል።

ሐኪሟ የውጭ አገር ሴት ናት፤ አማርኛዋ ቀስ ያለ ነው እንጂ ጥሩ ነው። በጀርባዬ አስተኝታ ዓይኔን የሚያደነዝዝ ጠብታ አደረገችብኝና አንዲት ትንሽ ብረት ብሌኔ ላይ አቆመች። አላመመኝም። "ምን እያደረግሽ ነው?" አልኳት።

"ዓይንሽን እየመዘንኩ ነው። ዓይን ውስጥ ውሃ አለ። ይመነጫል፤ ይወጣል። መውጫው ሲጠብ ውሃው ይጠራቀማል፤ ዓይኑ ይወጠራል፤ ከኋላ ያለውን ጅማት ይጨፈልቀዋል። ግላኮማ ይባላል።"

"ሞራ አይደለም?"

"አይደለም።"

"አልበሰለም ብለውኝ ነበር እኮ!"

ከዚያ እጄን ይዛ እውነቱን ነገረችኝ። የግራው ጅማት ሞቷል፤ ተመልሶ አያይም። ቀኙም ከዳር ከዳር መሞት ጀምሯል፤ የቀረው ግን ብዙ ነው፤ ውጥረቱ ከወረደ ሊቆይልኝ ይችላል። ለዚያ ፒሎካርፒን የሚባል ጠብታ ሰጠችኝ፤ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታና ስተኛ እንዳደርገው። "ብሌንሽን እንደ መርፌ ቀዳዳ ያጠበዋል፤ ሲመሽ ይጨልምብሻል፤ ቅንድብሽንም ያምሻል፤ አትፍሪ፤ አታቋርጪ" አለችኝ። አላቋርጥም ብዬ ማልኩ።

አላቋረጥኩምም። እዚህ ላይ ልብ ብላችሁ ስሙኝ። አንድም ቀን አላቋረጥኩም። የእኛ ቤት ግን የራሱ ወግ አለው። መድኃኒት ያለ ጸሎት አይወሰድም። የጠብታው ሰዓት ሲደርስ ጊቢው ይሰበሰባል፤ ሞሊሶ ጠርሙሱን ይይዛል፤ እኔ ቀና እላለሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጠብታ ያንጠባጥብብኛል፤ ወዲያው እትዬ ማርታ "ጎዳው!" ብላ ትጀምራለች፤ ጌታ ሆይ ማለቷ ነው። እሷ ስትጸልይ ድንጋይ ያለቅሳል። "የቀረችውን አንዲት ዓይኗን!" ስትል እኔ እንባዬ ዱብ ዱብ ይላል፤ ሞሊሶም ይነፋረቃል፤ ልጆቹም ይከተላሉ። በእኛ ዘንድ ዓይኑ ደርቆ የሚጸልይ ሰው ልቡ ደርቋል ነው የሚባለው። በቀን አራት ጊዜ እንዲህ ነው።

ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። ጠብታው ከገባ በኋላ ጉሮሮዬን ይመረኛል። እኔ ሲመረኝ ደስ ይለኛል። ኮሶ ጠጥተን ያደግን ሰዎች ነን፤ መድኃኒት መሥራቱ በምሬቱ ይታወቃል እንል ነበር። ካልመረረኝ ሞሊሶን "ጨምርበት፣ አልደረሰም" እለዋለሁ። ይጨምራል። ጠርሙሱ ቶሎ ቶሎ ያልቃል፤ እየተላከ ይመጣል። "ዓይንሽ እንዴት ነው?" ሲሉኝ "እየመረረኝ ነው፤ ጎሽ!" እላለሁ። ንባቤ ግን እያደር ከበደ። የመስመሩ ጫፍ ይጠፋብኛል፤ ቀጣዩን መስመር በጣቴ እፈልጋለሁ። ሴቶቹ ያዩብኛል ብዬ የማላየውን ቦታ በቃሌ እሞላው ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ እንደገና አዲስ አበባ ሄድን። ሐኪሟ መዘነችኝ። ደግማ መዘነችኝ። ፊቷ ከበደ።

"ጨምሯል። ጠብታውን እየተጠቀምሽ ነው?"

"ዶክተር!" ብዬ ከአልጋው ተነሣሁ። "እኔ ውሸታም መሰልኩሽ? በሬያችን የተሸጠው ለዚህ ነው፤ አንዲትም ጠብታ አልዘለልኩም! ባለቤቴ ደጅ አለ፤ ጥሪውና ጠይቂው!"

ጮኽኩ፤ አላፍርበትም። እሷም አልተቆጣችም። ጠብታው ካልሠራ የሚቀረው ቢላዋ ነው አለችኝ፤ ዓይኑን በስታ ለውሃው ሌላ መውጫ ታበጃለች፤ ግን አንድ ዓይን ላለው ሰው ቀዶ ጥገና ያስፈራል፤ ይሳካም ይሆናል፣ ያቺንም ያጠፋት ይሆናል። "ነገ እንወስናለን" አለች። ያን ሌሊት ባረፍንበት ቤት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሞሊሶን "ጨለማ ውስጥ ብቀር ምን ታደርገኛለህ?" ብዬ ጠየቅሁት። "በአፍሽ ታበሪልኛለሽ" አለኝ። ይህ ሰውዬ ቀልዱን የሚያመጣው ሁልጊዜ ሰው ሊያለቅስ ሲል ነው።

በማግስቱ ሐኪሟ ስለ ቢላዋው አልጀመረችም። ጠርሙስ አቀበለችኝና "ቤትሽ እንደምታደርጊው አድርጊና አሳዪኝ" አለችኝ።

"እንደ ቤቴ?"

"ልክ እንደ ቤትሽ።"

እንግዲህ ልክ እንደ ቤቴ ከተባለ፣ እሺ። ሞሊሶን ከደጅ አስጠራሁት። ቀና አልኩ፤ እሱም አንጠባጠበ። "በል፣ ዛሬ አንተ ጸልይ፤ እትዬ የለች" አልኩት። ጸሎቱ እንደ እኅቱ አይደለም፤ ግን ሌሊቱን የከረመበት ነገር ነበርና ገና አፉን ሲከፍት ሁለታችንም አለቀስን። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ አግዳሚው ላይ ያሉት ሰምተው "አሜን!" አሉ። "አሜን! ያብራላት!" ሐኪሟ እጇን አጣጥፋ ጠበቀችን። ስንጨርስ ነጭ ጥጥ አነሣችና ጉንጬን እስከ አገጬ ጠረገችው። ጥጡ ርሶ ነበር። እፊቴ ያዘችውና፣

"መድኃኒትሽ ይኸው። እዚህ ነው ያለው" አለችኝ።

አልገባኝም። "እንባ ነው እንጂ!" አልኳት።

"እንባው አጥቦ አወጣው። ዓይን ትንሽ ናት፤ አንድ ጠብታ እንኳ በደንብ አይሞላባትም። ሦስት ስትጨምሩ ሁለቱ ወደ ጉንጭ ነው። ከዚያ ስታለቅሺ የቀረውም ይሄዳል። ጉሮሮሽን ይመርሻል?"

"በደንብ ነዋ!" አልኳት በኩራት። "ደርሶልኛል።"

"ወዴት?"

በጣቴ ወደ ሆዴ አመለከትኩ።

"እኅቴ፣ ሆድሽ ግላኮማ የለበትም" አለችኝ። ሞሊሶ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ እኔ ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቁ መልሶ ለቅሶ ሆነብኝ። ያ ሁሉ ጠብታ! ያ ሁሉ ጸሎት! በገዛ እንባዬ አጥቤ ደረቴ ላይ ሳፈስሰው ከርሜያለሁ።

ያን ቀን ያስተማረችኝን ልንገራችሁ፤ ጠብታ የምታደርጉ ሁሉ ይጠቅማችኋል። የታችኛውን የዓይን ቆብ በጣታችሁ ዝቅ አድርጉት፤ ትንሽ ኪስ ይሆናል። አንድ ጠብታ እዚያ ኪስ ውስጥ፤ አንድ ብቻ። ጠርሙሱ ዓይኑን እንዳይነካ። ከዚያ ዓይናችሁን ሳትጨምቁ እንደ ተኛ ሰው ክደኑት። አሁን ዋናው ነገር፤ ከአፍንጫችሁ ጎን፣ በዓይናችሁ ጥግ፣ እንባ ወደ አፍንጫ የሚወርድባት ትንሽ ቦይ አለች። እሷን በጣታችሁ ጫፍ ጫን አድርጋችሁ ያዙ። ቦይዋ ስትዘጋ መድኃኒቱ መሄጃ አጥቶ እዚያው ይቀመጣል፤ ቀስ እያለም ወደ ዓይን ውስጥ ይገባል። በትክክል ከሠራችሁ ጉሮሮን አይመርም። እኔ ሰዓት የለኝም፤ ሐኪሟ እስከ መቼ እንደምቆይ ስታስብ "በልቤ አባታችን ሆይን ደጋግሜ፣ ቀስ እያልኩ ብልስ?" አልኳት። በሰዓቷ ለክታ ስንት ጊዜ እንደሚበቃ ነገረችኝ። "ግን በልብሽ። ያለ እንባ" አለች።

"ማልቀስ ተከለከልኩ ማለት ነው?"

"አልተከለከልሽም። መጀመሪያ አልቅሺ፤ ጥረጊው፤ ከዚያ ጠብታው። ወይም ጠብታው ይግባና ቆይተሽ አልቅሺ። አብረው ግን አይሆኑም።"

ሌላም ሠራችልኝ። መድኃኒት ቤቱ ጠብታውን ወፈር ባለ ፈሳሽ በጥብጦ አዘጋጀልኝ፤ እንደ ቀጭን ሙጫ ዓይን ላይ ይቆያል፤ እንደ ውሃ ቶሎ አይፈስም። ለመኝታ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ የሚቀልጥ ቅባት ሰጠችኝ። ለእኛ አገር አዲስ ነገር ነበር። ቢላዋውን እስከ ጥምቀት ማግሥት አቆየችልኝ። ያኔም ውጥረቱ ካልወረደ ምርጫ የለም።

ሶዶ ስንገባ ችግሩ ከመድኃኒቱ ሳይሆን ከእትዬ ማርታ መጣ። የቀትሩ ሰዓት ሲደርስ እንደ ልማዷ ልትጀምር አፏን ስትከፍት "እትዬ፣ መጀመሪያ እንጸልይ፣ ከዚያ እናድርገው። ከተደረገ በኋላ ዝም ነው" አልኳት። ነገሩን ሁሉ አስረዳኋት፤ ቦይዋን፣ ጥጡን፣ ምሬቱን። ሰማችኝና ቀዝቀዝ አለች።

"እንባችን ነው ያሳወረሽ በይኛ!"

"እንዲያ አላልኩም፣ እትዬ።"

"ብለሻል! ፈረንጅዋ ጋ ሄደሽ ልብሽን አደረቅሽ። እምነትሽን ለጠርሙስ ሰጠሽው።"

ነጠላዋን አንሥታ ወደ ጎጆዋ ገባች። ከዚያ በኋላ ለጠብታዬ ሰዓት አልመጣችም። በጸሎት ቤት ታልፈኛለች፤ ሰላምታዋ ከአንገት በላይ ሆነ። በጣም አሳዘነኝ፤ ከወለደችኝ እናቴ ቀጥሎ የማከብራት እሷን ነበር። ግን አልተመለስኩም። እውነቱን ልናገር፤ ግትር ነኝ፤ በዚህች አንዲት ጉዳይ ግትርነቴ ጠቀመኝ። ጠዋት ከሞሊሶ ጋር እንጸልያለን፤ ማልቀስ ካማረን እናለቅሳለን፤ ፊታችንን እንታጠባለን። ከዚያ ጠብታው፣ ጣት፣ ዝምታ። ዳጣ መፍጨትም ለሞሊሶ ተሰጠ፤ የበርበሬው እንባ ለእኔ አይሆንም። ጎረቤት "ወንዱ ዳጣ ይፈጫል" ብሎ ሳቀበት። እሱ ዓይኑ ቀልቶ እንባው እየፈሰሰ "እኔ ሁለት አለኝ፤ ይችላሉ" ይላቸዋል።

ከጥምቀት በኋላ አዲስ አበባ ገባሁ። አልጋው ላይ ተጋደምኩ። ሐኪሟ ብረቷን አቆመች፤ አነሣች፤ ደግማ አቆመች።

"ወርዷል" አለች።

"ምን ያህል?"

"በጣም። ቢላዋ አያስፈልግሽም።"

እልልታዬን ያግዳሚው ሰው ሁሉ ሰማ። ሐኪሟን አቅፌ ጉንጮቿን ሳምኳት፤ ፈረንጅ መሆኗንም ረሳሁ። እሷም ሳቀችና "አሁን ማልቀስ ትችያለሽ" አለችኝ። አላለቀስኩም፤ ጊዜም አልነበረኝ፤ ወደ ቤቴ ነበር የምቸኩለው። በመጀመሪያው እሑድ ጸሎት ቤት ቆሜ አነበብኩ። የጠፋው ዳር አልተመለሰም፤ አይመለስምም፤ መስመሩ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደልኝ። በቃሌ የሞላሁት አንድም ቃል አልነበረም። እትዬ ማርታ ከኋላ ተቀምጣ ሰማችኝ። ሲያልቅ ነጠላዋን አጣፍታ ቀድማኝ ወጣች።

በዚያው ዓመት በበጋው መጨረሻ እናቴ አረፈች። መርዶው ሲመጣ ሁምቦ ወረድን፤ እትዬ ማርታም አብራን ወረደች፤ መንገዱን ሁሉ ከኋላችን ነበረች፤ አልተነጋገርንም። በእኛ አገር ለቅሶ ሜዳ ላይ ነው። ሰው ከየመንደሩ እየጎረፈ ይመጣል፤ ምድሪቱ በጩኸት ትሞላለች። እኔ ከሌሊት ጀምሮ ሳለቅስ ነበር። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ሞሊሶ አጠገቤ መጣና በጆሮዬ "ሰዓቱ ደርሷል" አለኝ።

እናቴ ገና አልተቀበረችም። ያ ሁሉ ሰው የሚያየው እኔን ነው፤ ልጇ ነኝ። ለአንዴ ብዘለው ማን ይፈርድብኛል አልኩ በልቤ። ከዚያ ደግሞ ለአንዴ የዘለለ ሰው ለሁለተኛውም ምክንያት አያጣም አልኩ። ከሴቶቹ መሐል ወጥቼ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ፊቴን በነጠላዬ ጠረግሁ፤ ደግሜ ጠረግሁ። ትንፋሼን ሰብስቤ እንባዬ እስኪቆም ጠበቅሁ። ሞሊሶ ጠርሙሱን ከኪሱ አወጣ። የታችኛውን የዓይኔን ቆብ ዝቅ አድርጌ ኪስ አበጀሁ፤ አንድ ጠብታ፤ ዓይኔን ከደንኩ፤ ጣቴን ጥጉ ላይ አኖርኩ።

ሹክሹክታው መጣ። "ምን እያደረገች ነው?" "በእናቷ ለቅሶ ላይ ዓይኗን ትኳላለች እንዴ?" "ከተማ ገብታ ጨክናለች፤ ደረቅ!" ሁሉንም እሰማለሁ። ልመልስ አልችልም፤ አፌን ከከፈትኩ ለቅሶው ይወጣል። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት የከበደኝ ነገር የለም። እናቴ እዚያ ተዘርግታለች፤ እኔ እንባዬን በጣቴ ይዤ በልቤ አባታችን ሆይ እላለሁ።

ያኔ ፊቴ ላይ ጥላ ወደቀ። አጠገቤ የቆመው ሰው ልብስ ዘርግቶ ከፀሐዩም ከሰዉም ጋረደኝ። ከዚያ ያ የማውቀው ድምፅ ሜዳው ላይ ጮኸ፤ ጎዳው ሲል ድንጋይ የሚያስለቅሰው ድምፅ።

"ዝም በሉ! ታለቅሳለች! እናቷ ናት፤ ማን ይከለክላታል? ግን መጀመሪያ መድኃኒቱ ይግባላት!"

ሹክሹክታው ቆመ። እትዬ ማርታ ነጠላዋን ዘርግታ እላዬ ላይ እንደቆመች እኔ የቀረኝን አባታችን ሆይ ሁሉ አንድ በአንድ፣ ሳልቸኩል ጨረስኩ። ጣቴን አነሣሁ። ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ ያየሁት የእሷን ፊት ነው።

"ጨረስሽ?" አለችኝ ዝቅ ብላ።

"ጨረስኩ፣ እትዬ።"

"ገባ?"

"ገባ።"

እጇን ሰጠችኝና አስነሣችኝ። "በይ እንግዲህ ነይ፤ አሁን እናልቅስላት" አለችኝ። ተያይዘን ወደ ሴቶቹ መሐል ገባን፤ እኔም እንባዬን ለቀቅሁት።